ያለፈውን መልክ በጥቂት ገንዘብ፤ የብሩክስ ስቲቨንስ ሕይወት

አሜሪካዊው የኢንዱስትሪ ንድፍ ሊቅ ብሩክስ ስቲቨንስ በሚልዎኪ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በልጅነታቸው በፖሊዮ በሽታ ተይዘው የአልጋ ቁራኛ በሆኑበት ጊዜ አባታቸው ሥዕል እንዲለማመዱ አበረታቱአቸው፤ ያም ልምምድ የዕድሜ ልክ ሙያቸው መሠረት ሆነ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ ከተማሩ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው የንድፍ ቢሮ ከፈቱ፤ በ1944ም የአሜሪካን የኢንዱስትሪ ንድፍ ባለሙያዎች ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ።

በ1950ዎቹ ደንበኛው ገና የሚያገለግለውን ዕቃ ትቶ አዲሱን እንዲመኝ ማድረግ የንድፍ ባለሙያ ተግባር ነው የሚል አሳብ በማስፋፋታቸው ብዙ ተወቀሱ። ይሁንና ስማቸውን ካስጠሩት ሥራዎች አንዱ ዘመን ያለፈበት መልክ የተላበሰ የስፖርት መኪና መሆኑ ያስደንቃል።

ስቱዲቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በገንዘብ እጦት በተጨነቀ ጊዜ ስቲቨንስን ጠራ። እርሳቸውም በ1953 የወጣውን ቦዲ በጥቂቱ ብቻ ለውጠው የ1962ቱን ግራን ቱሪስሞ ሆክ አበረከቱለት። ኩባንያው በ1963 መጨረሻ የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ሲዘጋ፣ ስቲቨንስ ለ1964ቱ የኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን የሕዝብን ዓይን የሚስብ መኪና ለመሥራት ተነሡ። አዲስ ሻንሲና ሞተር ለመንደፍ ገንዘብም ጊዜም አልነበረም። ስለዚህ የስቱዲቤከርን ሻንሲና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ወስደው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ የተሠራውን ሜርሴዲስ ቤንዝ ኤስ ኤስ ኬ የሚያስታውስ ቦዲ አቆሙበት። ረጅም ኮፈን፣ ከቦዲው የተለየ ፓራፋንጎ፣ ከኮፈኑ ጎን የሚወጡ የጭስ ቱቦዎች ነበሩት። ሥራው በጥቂት ሳምንታት ተፈጸመ።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲቃረብ ግን ኩባንያው መኪናውን በራሱ ሥፍራ ለማሳየት የገባውን ቃል ሠረዘ። ስቲቨንስ ሌላ ሥፍራ ይዘው አሳዩት፤ ገዢም ተገኘ። ልጆቻቸው ኤክስካሊበር በሚል ስም በሚልዎኪ ማምረት ጀመሩ፤ የስቱዲቤከር ሞተር ሲቋረጥም የሸቭሮሌ ኮርቬትን ሞተር ተኩበት። ድርጅቱ በ1986 ከሠረ፤ ስቲቨንስም በ1995 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ስቲቨንስ ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ በሌሎች ተሠርቶና ተፈትኖ በተገኘው ክፍል ላይ አላባከኑም፤ ዓይን በሚያየው ላይ ብቻ አዋሉት እንጂ። የገንዘብ ማነስ ሥራቸውን አላሰናከለውም፤ የቱ አዲስ መሆን እንዳለበት፣ የቱም እንዳለ መወሰድ እንዳለበት አስለየላቸው።