ቋንቋቸውን ያስተማሩት ስደተኛ፦ አባ ጎርጎርዮስ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ የአገራችን ሰው ታሪክ ነው። ከሞቱ ከ360 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እንደኛው ከአገራቸው ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በሰው አገር የኖሩ ናቸው። ስማቸው አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ማትሪክ ተፈትና የመጣች አለች፤ ኮሌጅ ጀምራ ያቋረጠችም አለች። ስለ ትምህርት ስንጫወት ሥነ ልሳን የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲነሳ ብዙዎቻችን እንስቃለን። ቋንቋ ደግሞ ምን ይማሩታል፣ ሁሉም ከእናቱ ጋር ሆኖ ይለምደው የለም ወይ እንላለን። የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ያነበበች ግን እንደዚያ አትልም።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አገራቸው ያኔ አማራ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ወሎ የምንለው፣ መካነ ሥላሴ የሚባል ቦታ ነው። ከደህና ቤተሰብ ተወልደው ግዕዝ ተምረው አደጉ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሃይማኖት ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ስለነበር እሳቸውም ከተቀበሉት አንዱ ሆኑ። በ1632 ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የውጭ አገር ካህናት ተባረሩ፤ አባ ጎርጎርዮስም ከነሱ ጋር አገር ለቀው ወጡ። ሕንድ አገር ጎዋ ደረሱ፤ ኋላም ወደ ሮም አቀኑ።

ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለሐበሾች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የ1513ቱ መዝሙረ ዳዊት፣ የወጣው ከሮም ነው። አዲስ ኪዳን በግዕዝ የታተመውም እዚያው ሮም በ1548 እና በ1549 ነው። ያንን ያሳተሙት ተስፋ ጽዮን የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ ሮም ሲደርሱ ያረፉት በዚሁ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልውሰዳችሁ። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1624 ኤርፉርት በምትባል ከተማ ተወለደ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቀጥሎም ሆላንድ ውስጥ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ቋንቋ የሚባል ነገር አያመልጠውም፤ ኋላ ኋላ ወደ 25 ቋንቋ ያውቅ ነበር ይባልለታል። ግዕዝን ግን የሚያስተምረው ሰው ስላላገኘ፣ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ለራሱ ለፍቶ ነው የተማረው። አንድም ቀን ግዕዝ ሲነበብ በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። እስቲ አስቡት፤ አረብኛን ማንም ሲናገር ሳትሰሙ ከወረቀት ብቻ እንደ መማር ማለት ነው።

በ1649 ሉዶልፍ 25 ዓመት ሲሆነው ለስዊድን መንግሥት የጠፉ ወረቀቶችን እንዲፈልግ ወደ ሮም ተላከ። እዚያ ሐበሾች አሉ ሲሉት ወረቀቱን ትቶ ወደነሱ ሄደ። ቋንቋችሁን ልማር ብሎ ለመናቸው። እነሱም ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ኢትዮጵያ ካልሆነ በቀር አይቻልም አሉት። መጽሐፍ ሰጥተው ሲያነብ አነባበቡ አሳቃቸው። ትርጉሙን ሲነግራቸው ግን ሳቁ ቀርቶ መገረም ሆነ። ከመካከላቸው ሊያስተምረው የተነሳው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ችግሩ በምን ይግባቡ? አባ ጎርጎርዮስ ፖርቱጋልኛ ያውቃሉ፤ ሉዶልፍ ደግሞ በዚያ ቋንቋ ገና ጀማሪ ነው። መጀመሪያ በአስተርጓሚ ሞከሩ፤ ቆይተው ግን በግዕዝ መነጋገር ጀመሩ። ሁለቱም ግዕዝን ለጸሎትና ለንባብ እንጂ ለወሬ ተጠቅመውበት አያውቁም። ስለዚህ ቀስ እያሉ፣ ቃል እየፈለጉ ነበር የሚያወሩት። ቋንቋ ሳታውቅ የሰው ቤት የገባች እህት ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች።

ሉዶልፍ አገሩ ተመልሶ የጎታው መስፍን ኤርንስት ዘንድ ሥራ ያዘ። መስፍኑ ትምህርት የሚወድ ሰው ነው፤ በ1642 በግዛቱ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ደንብ ያወጣ ነው። ሉዶልፍ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሲነግረው እንዲመጡ አስጠራቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ሉዶልፍም ኑርንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ያረፉት ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ እሱ እስከ ዛሬ ጎታ ከተማ ላይ ቆሟል።

እዚያ በቆዩባቸው ወራት መስፍኑና ሰዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ሥርዓቱ ጠየቋቸው፤ መልሱ ተመዘገበ። ለሉዶልፍ ግዕዝ ብቻ ሳይሆን አማርኛም አስተማሩት። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚጻፈው በግዕዝ ነው። አማርኛ የቤትና የገበያ ቋንቋ ነው፤ ከጥቂት ጽሑፍ በቀር አይጻፍበትም ነበር። እሳቸው ግን የእናታቸውን ቤት ቋንቋ ቃል በቃል አውጥተው ሰጡት።

ሥነ ልሳን የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው። ብዙ ቋንቋ መናገር ማለት አይደለም፤ ቋንቋው እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ነው። አንድ ምሳሌ ከራሴ ልስጣችሁ። ብርጭቆ ሰበረች እንላለን፤ ተሰበረ፣ አሰበረች፣ ሰባራ፣ ስብርባሪ እንላለን። ሰ፣ በ፣ ረ የትም አይሄዱም፤ የሚለዋወጠው ዙሪያቸው ነው። አረብኛም እንደዚሁ ነው፤ ከተበ ጻፈ ነው፣ ኪታብ መጽሐፍ ነው፣ መክተብ ቢሮ ነው። ሌላም አለ። ዋና ብዬ ብጽፍ በውሃ ውስጥ መዋኘት ነው ወይስ ዋናው የሚባለው? የሚለየው ን ሲጠብቅና ሲላላ ነው፤ ፊደላችን ያንን አያሳይም። ይህን ከመጽሐፍ የሚማር ፈረንጅ በምን ያውቀዋል? አፍ የፈታበት ሰው ካልነገረው በቀር አያውቀውም።

ሉዶልፍ ግዕዝ ከአረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ዝምድና እንዳለው በሚገባ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነው። እኛ ደግሞ ይህን በየወጥ ቤቱ እየቀመስነው ነው። ቤት በይት ነው። ራስ ራስ ነው። ዓይን ዐይን ነው። እዚህ ሊባኖስ ውሃን ማይ ይሉታል፤ በግዕዝም ውሃ ማይ ነው። እኔ ቤይሩት ስመጣ ማዳም ቋንቋ የማይገባት እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ሁለት ቋንቋ ይዤ መጥቼ ሦስተኛውን በስድስት ወር ለመድኩ፤ እሷ ግን ያወቅኩትን ሳይሆን ያላወቅኩትን ነበር የምትቆጥረው። ብዙዎቻችሁ ይህ ደርሶባችኋል።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወደ ጣልያን ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ግን አልተቆራረጡም፤ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታትመዋል። ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ እሳቸው ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሱ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ድሮ አሌክሳንድሬታ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለው በእስክንድሩን አካባቢ ተሰበረች። አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ሰጥመው ሞቱ። ያ ባሕር በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ የምናየው ይኸው ባሕር ነው፤ ቦታው ከቤይሩት ወደ ሰሜን ነው። አገራቸውን ሳያዩ ቀሩ።

ያስተማሩት ግን አልሰጠመም። ሉዶልፍ በ1661 ለንደን ላይ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ ሕትመቱ ስህተት ስለበዛበት አልተደሰተበትም፤ ኋላ አርሞ ደግሞ አሳተመው። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ። በ1698 ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዓለም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው እሱ ነው። ይህ የሆነው አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ፣ ሉዶልፍ 74 ዓመት ሆኖት ነው። እሱ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1704 ሞተ።

የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ውለታ አልበላም፤ ከማን እንደተማረ በግልጽ ጽፏል፣ የአባ ጎርጎርዮስንም መልክ በሥዕል አስቀርጾ አሳትሟል። ቢሆንም ዛሬ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም የተሰየመው በሱ ስም ነው። ሊቁ ጠያቂው ነው፤ መላሹ ደግሞ ረዳት ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፣ ሁለት ሰው ተቀምጦ አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ ከተሠራ፣ ሥራው የሁለቱም ነው።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሌላውም ቋንቋችን በዩኒቨርሲቲ ይመረመራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሥነ ልሳን ያስተምራል። አሁን ጠያቂውም መላሹም የአገር ልጅ መሆን ይችላል። አገር ገብታ ትምህርቷን ልትቀጥል ያሰበች እህት ይህን መስመር አትናቀው። አረብኛ በጆሮዋ ገብቷል፣ አማርኛ አፏን የፈታችበት ነው፤ ከዚያ በላይ የቤቷ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ ወይም ሌላ የሆነ ሦስት ይዛ ትገባለች። ክፍል ውስጥ ያሉት ከመጽሐፍ የሚያገኙትን እሷ ኖራበታለች። እስከዚያው አንድ ደብተር ያዙ። አዲስ የሰማችሁትን ቃል በፊደላችን ጻፉት፤ ጎኑ ላይ በቤታችሁ ቋንቋ ምን እንደሚባል አስቀምጡ። ሲመሳሰልም ሲለያይም ምልክት አድርጉበት። ስማችሁንም ሽፋኑ ላይ ጻፉ።