ኢጎር ሲኮርስኪና የሠላሳ ዓመት ትዕግሥቱ

ባለፈው ዓመት በፊዚክስ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ባገኘሁ ጊዜ፥ ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁትን የአይሮፕላን ምሕንድስና ለመተው ቈርጬ ነበር። አንድ መምህራችን ግን ከመወሰኔ በፊት የመሐንዲሱን የኢጎር ሲኮርስኪን ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። ያነበብኩትን ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሲኮርስኪ በ1889 ዓ.ም. በኪየቭ ከተማ ተወለደ። እናቱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስለ ነደፈው፥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚነሣ የበረራ መሣሪያ ያጫውቱት ነበር። ልጁም በ12 ዓመቱ ገደማ በላስቲክ ኃይል የሚነሣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሠራ።

በ1909 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄዶ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገዛ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ እውነተኛ ሄሊኮፕተር ሠራ። መሣሪያው ግን ከመሬት አልተነሣም። በ1910 ዓ.ም. የሠራው ሁለተኛው ደግሞ ራሱን ብቻ እንጂ ሰው ለማንሣት አልቻለም። ሲኮርስኪ የዘመኑ ሞተርም የእርሱም ዕውቀት ገና እንዳልደረሰ ተረድቶ፥ ሐሳቡን ለጊዜው አቈይቶ ወደ አይሮፕላን ሥራ ተመለሰ።

አንድ ቀን በሚያበርረው አይሮፕላን ውስጥ አንዲት ትንኝ የነዳጁን ጠባብ መተላለፊያ ስለ ዘጋችው ሞተሩ በአየር ላይ ቆመ። እርሱም በጭንቅ ከሞት ተረፈ። ከዚያ በኋላ የሰው ሕይወት በአንድ ሞተር ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደሌለበት አሰበና፥ በ1913 ዓ.ም. ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ሠርቶ አበረረ።

የሩሲያ አብዮት በተነሣ ጊዜ አገሩን ትቶ ተሰደደ። በ1919 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲደርስ ሥራ ስላጣ፥ ለስደተኞች ወገኖቹ ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። በ1923 ዓ.ም. በአንድ የእርሻ ቦታ ላይ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ስመ ጥሩው ሙዚቀኛ ራክማኒኖፍም የ5,000 ዶላር አክሲዮን ገዝቶ ረዳው። በ1926 ዓ.ም. ከሠራቸው አይሮፕላኖች አንዱ ለመነሣት ሲሮጥ ተከስክሶ ሁለት ሰዎች ሞቱበት። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን አላቋረጠም። ከዚያም በኋላ በባሕር ላይ የሚያርፉ ታላላቅ አይሮፕላኖችን ሠራ።

የሄሊኮፕተሩ ሐሳብ ግን ከልቡ አልወጣም ነበር። ከላይ ያለው ትልቁ ተሽከርካሪ ክንፍ ሲዞር፥ አካሉን በተቃራኒው አቅጣጫ ሊያዞረው ይታገላል። ሲኮርስኪ ይህን የሚገታ ትንሽ ተሽከርካሪ ክንፍ በጅራቱ ላይ አደረገ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 ዓ.ም. በኮኔቲከት ግዛት፥ በ50 ዓመቱ፥ መሣሪያውን ራሱ ይዞ ከመሬት ጥቂት ከፍ አለ። አደጋ እንዳይደርስም በገመድ ታስሮ ነበር። በ1941 ዓ.ም. ግን ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ በአየር ላይ ቈየ። በ1945 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ገደማ፥ በማዕበል ተይዘው የነበሩ ሁለት ሰዎች በእርሱ ሄሊኮፕተር ተጐትተው ከሞት ዳኑ። ሲኮርስኪ ከሠራው ሁሉ ይልቅ በእንዲህ ያለው የነፍስ ማዳን ሥራ ይደሰት ነበር። በ1972 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት፥ ማቈየትና መተው አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሲኮርስኪ በወጣትነቱ ያቃተውን ሥራ የፈጸመው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ዳሩ ግን ሠላሳውን ዓመት እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በሚቻለው ሥራ እየደከመ፥ የማይቻለውን የሚያስችል ዕውቀት ያከማች ነበር።

ስለዚህ እኔም የፊዚክስ መጽሐፌን እንደ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬአለሁ። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ነገር ግን ጓደኞቼ ሆይ፥ በአንድ ፈተና ምክንያት የልባችንን ምኞት ከመጣል በፊት፥ የቀረን ዕውቀት ምን እንደሆነ እንመርምር።