ዳግማዊ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ፦ ሕይወታቸውና የማዕረግ ልብስ ጉዳይ

ዋግሹም ጎበዜ ሰቆጣን መቀመጫው ካደረገው የዋግ ገዥዎች ቤት የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተሰቀሉ በኋላ ሸፈቱ፤ በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በባለቤታቸው በድንቅነሽ ምርጫ ወንድም በደጃዝማች ካሣ ድል ተነሥተው ተማረኩ፤ በእስር ሳሉም ዐረፉ።

ይህን ሕይወት በታሪክ ፊልም ለማሳየት የሚነሣ የአልባሳት ባለሙያ የቀዳሚያቸውን የቴዎድሮስን ወይም የተከታያቸውን የዮሐንስን ልብስ ቢያለብሳቸው የራሳቸውን ታሪክ ይሸፍናል። ካባና ለምድ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ ለሹመት የሚሸለሙ የማዕረግ ምልክቶች ነበሩ። ጎበዜ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሽፍትነት ወደ ሸላሚነት፣ ከሸላሚነት ወደ እስረኛነት ተሸጋግረዋል። ስለዚህ አንድ ልብስ አይበቃቸውም፤ ባለሙያው ከጨርቁ አስቀድሞ ዓመቱን መጠየቅ ይገባዋል።