አቡነ ጴጥሮስ በኢጣሊያ የጦር ፍርድ ቤት ፊት፦ ያልተጠየቀው የምርኮኛነት ጥያቄ

የአቡነ ጴጥሮስ የመጨረሻ ሰዓት በሐውልትም በመድረክም ተዘክሯል፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔት የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ከዚያች ሰዓት አስቀድሞ የተሰየመው ችሎት ግን ከሕግ አንጻር እምብዛም አልተመረመረም። በዚያ ችሎት ፊት የቆሙት ሰው በሕግ ዓይን ማን ነበሩ? ምርኮኛ፣ በወረራ ሥር ያለ ሰላማዊ ሰው፣ ወይስ ዐመፀኛ ተገዢ?

ብፁዕነታቸው በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ ፍቼ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው ለረጅም ጊዜ ካስተማሩ በኋላ፣ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ። ወደ ማይጨው ዘምተው ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሱ፤ በዚያም ከሰላሌ አርበኞች ጋር መከሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የእነ ደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር አዲስ አበባን ሲያጠቃ አብረው ነበሩ። ክረምቱና የመገናኛ እጦት ጥቃቱን አከሸፉት፤ እርሳቸውም በጠላት እጅ ወደቁ።

የችሎቱ መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ሮም ግንቦት 1 ቀን ኢትዮጵያን የግዛቷ አካል አድርጋ አውጃለች፤ ከዚያ በኋላ የተዋጋ ሁሉ ለእርሷ ወታደር ሳይሆን ከዳተኛ ነው። ግንቦት 28 ቀን ደግሞ ሙሶሊኒ የተያዘ ዐመፀኛ ሁሉ እንዲረሸን ለግራዚያኒ አዘዘ። ሆኖም ጦርነቱ አላበቃም ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንደሆነች ነበረች፤ በጎሬም በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚሠራ መንግሥት ነበር።

ወራሪ ኃይል ሕዝብን ለጦርነት የሚያነሣሣን ሰው መቅጣት እንደሚችል የዘመኑ ሕግ ይቀበላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ኢጣሊያ ራሷ የተቀበለችው የ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ ደንብ በወረራ ሥር ያለን ሕዝብ ለጠላት መንግሥት ታማኝነቱን እንዲምል ማስገደድን ይከለክላል። አቡኑ የተጠየቁት ደግሞ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ነገር ነበር፦ ለኢጣሊያ እንዲገዙና አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ። በእኔ አመለካከት የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ቃል ነው። ሽፍታ የምርኮኛ መብት የለውም፤ ችሎቱ ራሱ ሊመረምረው የሚገባውን ጥያቄ ተከሳሹ በአንደበታቸው እንዲዘጉለት ፈለገ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተገደሉ።

የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት በምርኮኛ ላይ የተፈረደ ሞት የምርኮኛውን ጥቅም ለሚያስጠብቀው መንግሥት ከተገለጸ ሦስት ወር ሳይሞላው እንዳይፈጸም ያዝዛል። በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ መጽናቱ ቢያከራክርም፣ የዘመኑን መለኪያ ያሳያል። የተያዘ ተዋጊ ማንነት ሲያጠራጥር ሥልጣን ያለው ችሎት እስኪወስን ድረስ እንደ ምርኮኛ ይጠበቅ የሚለው ግልጽ ድንጋጌ የመጣው በ1941 ዓ.ም. በተፈረመው 3ኛው የጄኔቫ ስምምነት ነው።

ግራዚያኒም በበኩሉ ሮም ላይ የጦር ፍርድ ቤት ፊት ቀርቧል፤ ጠበቃ ቆሞለት ተከራክሯል። በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈርዶበት ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ። የተከሰሰው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ በክሱ ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም።