ከአየር ውስጥ ውሃ ያወጣው ሰው



እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ የክፍላችን መዝጋን በውጭ በኩል በቀጭን ቱቦ ውሃ ሲያንጠባጥብ አይቼ ተበላሸ ብዬ ሮጬ ነበር። ለካ ሥራው እሱ ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሥራ ስለጀመረው ሰው እጽፍላችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዊሊስ ካሪየር ይባላል። የተወለደው በ1876 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ አንጎላ በምትባል ትንሽ የገጠር ቦታ ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። ዊሊስ ለቤቱ አንድ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ክፍልፋይ የሚባለው ሒሳብ አልገባ አለው። እናቱ አልተቆጣችውም። ፖም እንዲያመጣ ላከችውና ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረጠች አስደመረችው፣ አስቀነሰችው። ያን ጊዜ ገባው። 11 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። ያስተማረችው ግን አብሮት ቀረ፤ ከባድ ነገር ሲገጥመው እንደ ፖሙ ከፋፍሎ ማየት ለመደ።

ገንዘብ ስላልነበራቸው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተማረው በነፃ ትምህርት ዕድልና ሥራ እየሠራ ነው። በ1901 ጨርሶ ቡፋሎ ከተማ በአንድ ፋብሪካ በመሐንዲስነት ተቀጠረ።

በ1902 ብሩክሊን ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ተቸገረ። በበጋው ወበቅ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ቀለሙ በየተራ ስለሚታተም አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ልክ አልገጥም አለ። ካሪየር ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሐምሌ 17 ቀን 1902 የመሣሪያውን ንድፍ አወጣ። ማራገቢያው አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ያሳልፈዋል፣ ቧንቧው ላይ እንደ ጠዋት ጤዛ ውሃ ይቋጠራል፣ አየሩ ደርቆ ይወጣል። የፈለገው አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውሃ 55 በመቶ ብቻ እንዲይዝ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይሄ ነገር መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ምቾት አይደለም፣ ለወረቀት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ጭጋግ ያያል። ጭጋግ ማለት ውሃ የጠገበ አየር ነው። አየሩን በቀዝቃዛ ውሃ ርጭት ውስጥ ባሳልፈው ውሃውን መመጠን እችላለሁ ብሎ አሰበ። በውሃ አየር ማድረቅ ማለት ነው! ውሃው በቀዘቀዘ መጠን አየሩ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ያንሳል። ለዚህ መሣሪያ በ1906 የፈጠራ መብት አገኘ። በ1911 ደግሞ የሙቀትንና የእርጥበትን ሒሳብ ለመሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ።

በ1915 ከስድስት መሐንዲሶች ጋር 32,600 ዶላር አዋጥተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1925 ኒውዮርክ በነበረው ሪቮሊ ሲኒማ ቤት መሣሪያውን አስገቡ፤ ሕዝቡም በበጋ ቀዝቃዛ አየር ቀመሰ። ካሪየር በ1950 በ73 ዓመቱ ሞተ። ስሙ እስከ ዛሬ መዝጋን ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ጎንደር ደጋው ላይ በበጋ የታጠበ ነጠላ እስከ ቀትር ይደርቅ ነበር። እዚህ ባሕር አጠገብ ግን ፀሐይ እያቃጠለም ልብሱ እርጥብ ነው፣ ላቦትም አይደርቅም። ስለዚህ በወበቅ መዝጋን ሲሠራ መስኮት ዝጉ፣ አለዚያ ያወጣው እርጥበት ተመልሶ ይገባል። በክረምት ደግሞ እኛ በር መስኮት ዘግተን እንቀቅላለን፣ ልብስም ቤት ውስጥ እናሰጣለን። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆንና ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው ለሚያስሉ ልጆች ጥሩ አይደለም። ግድግዳውን ቀለም መቀባት ብቻ አይበቃም፣ ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ድስት ሲጣድና ገላ ሲታጠቡ ማራገቢያ ካለ አብሩ፣ ከሌለ ብርዱን ትንሽ ታግሳችሁ መስኮቱን ክፈቱ።

እኔም በአርባዎቹ ዕድሜዬ ክፍልፋይ እየተማርኩ ነው። ከልጄ ፊት አፍር ነበር። አሁን ግን ካልገባኝ ፖምና ቢላዋ አመጣለሁ።

በርቱ፣ ሰላም ሁኑ።