ሲያስቅ ኖሮ በስተርጅና የተከሰሰው ሰዓሊ

የፍቅረኞች ቀን በመጣ ቁጥር ልብና ጽጌረዳ የታተመባቸው ካርዶች ይቸበቸባሉ፡፡ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በነገሡባት እንግሊዝ (እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1910) ግን የሚያስቅ ፍቅርም በፖስታ ይላክ ነበር፡፡ በ1902 የአገሪቱ ፖስታ ቤት መልእክትና አድራሻ በካርዱ ጀርባ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ሲፈቅድ የፊቱ ገጽ በሙሉ ለሥዕል ተለቀቀ፡፡ በዚህ ገበያ ስሙ የገነነው ዶናልድ ማክጊል ነው፡፡

ማክጊል በ1875 ለንደን ውስጥ ተወለደ፡፡ በትምህርት ቤት ራግቢ ሲጫወት ደርሶበት በነበረው ጉዳት አንድ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጧል፡፡ የመርከብ ንድፍ እየሠራ ሲኖር ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን ዘመዱ ማጽናኛ ብሎ የላከው አስቂኝ ሥዕል የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው፡፡ ከ1904 ጀምሮ ግዙፍ ሚስትና ኮስማና ባል፣ አፍንጫው የቀላ ሰካራም፣ የሚያፍሩ ሙሽሮች ከብዕሩ ይፈልቁ ጀመር፡፡ የሣላቸው ካርዶች 12 ሺሕ ገደማ ሲሆኑ፣ የታተሙት ቅጂዎች 200 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል፡፡

ይሁን እንጂ ሰዓሊው ለየሥዕሉ ቁርጥ ክፍያ እየተቀበለ፣ ከሽያጩ ድርሻ ሳያገኝ፣ የበይ ተመልካች ሆኖ ኖሯል፡፡ ጆርጅ ኦርዌል በ1941 ስለ ሥራዎቹ ሲጽፍ እንኳ ማክጊል የሚባል ሰው በእርግጥ መኖሩን አያውቅም ነበር፡፡

ያወቀው ሕጉ ነው፡፡ በ1950ዎቹ ፖሊስ ከባሕር ዳርቻ ሱቆች ካርዶችን እየለቀመ ይወስድ ገባ፡፡ ሐምሌ 1954 ማክጊል በ79 ዓመቱ ሊንከን ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ፡፡ የተከሰሰው በ1857 በወጣው የፀያፍ ኅትመቶች ሕግ ነበር፡፡ ሕጉ ከተከሳሹ በ18 ዓመት ይበልጣል! ጥፋተኛ ተብሎ 50 ፓውንድ መቀጮና 25 ፓውንድ ወጪ እንዲከፍል ተፈረደበት፡፡ አንዳንድ ካርድ አሳታሚዎችም በዘመቻው ከሰሩ፡፡

ማክጊል ግን አልተሸሸገም፡፡ በ1957 ሕጉን ለማሻሻል ለተቋቋመው የፓርላማ ኮሚቴ ምስክርነቱን ሰጠ፡፡ በ1959 የወጣው አዲስ ሕግ አንድ ሥራ ፀያፍ የሚባለው በሙሉ ይዘቱ ተመዝኖ እንዲሆን ደነገገ፤ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅምም መከላከያ ሆኖ እንዲቀርብ ፈቀደ፡፡

ማክጊል በ1962 ሲሞት የተወው ሀብት 735 ፓውንድ ብቻ ነበር፡፡ ሚሊዮኖች የሳቁበትን ሥዕል ወንጀል ያደረገው ሕግ፣ የሠሪውን ድካም ግን የሚያስከብርበት መንገድ አልነበረውም፡፡ ሕግ አውጪዎች ስለ ሕዝብ ጨዋነት ሲጨነቁ፣ ስለ ደራሲውና ሰዓሊው እንጀራም አብረው ቢጨነቁ መልካም ነው፡፡