የኢትዮጵያን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነስቶ ወደ መርካቶ የሚያመራ መንገደኛ ከየሱቁ የሚወጣ የሙዚቃ ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ዜማው የሚወጣበት መሣሪያ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ቀድሞ ሸክላ ነበር፤ ካሴት ተካው፤ ከዚያም ሲዲ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ዘፈን በእጅ ስልክ ይደመጣል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄድ ሲሆን፣ በጀርመን አገር በርሊን ከተማ መሰንቋቸውን ይዘው ድምፃቸውን ከቀረጹ አንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው። እኚህ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም በምንጃር ተወለዱ። የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም ሲካሄድ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ። ያደጉበት ዘመን አዲስ አበባ በመቆርቆር ላይ የነበረችበት፣ የባቡር ሐዲድ፣ ስልክና ሌሎች የውጭ አገር ሥልጣኔ ፍሬዎች ተራ በተራ ወደ አገሪቱ መግባት የጀመሩበት ወቅት ነው። ወጣቱ ተሰማ በዚያ ወቅት ከሁሉ በላይ የታወቁት በሰምና ወርቅ ቅኔያቸው፣ ቦታው ላይ አፍልቀው በሚደረድሩት ግጥማቸውና በዜማቸው ነበር።

ድምፅን በመሣሪያ የመያዝ ጥበብ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ በ1898 መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ለንጉሠ ነገሥቱ ልከው ነበር። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መንገድ በድምፃቸው ምላሽ መስጠታቸው ይታወሳል። ይህ ግን የነገሥታት የወዳጅነት መልእክት እንጂ ለሕዝብ ጆሮ የቀረበ ዜማ አልነበረም። በሸክላ ተባዝቶ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንዲገኝ ዐሥር ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት።

አጋጣሚውን የፈጠረው አውቶሞቢል ነበር። እ.ኤ.አ በ1908፣ ማለትም በ1900 ዓ.ም፣ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊም ሌላ አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ አምጥቶ ነበር። አዲሱን መሣሪያ የሚነዳና ሲበላሽ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ስላስፈለገ፣ አፄ ምኒልክ ሰዎችን መርጠው ሙያውን ተምረው እንዲመለሱ ወደ ጀርመን ላኩ። ከተመረጡት አንዱ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ስለሆነም ለመንዳትና ለጥገና ትምህርት የተላኩት ሰው ለአገራቸው ኪነ ጥበብ ታሪክ ያልታሰበ በር ከፈቱ።

ተሰማ በጀርመን ቆይታቸው ከዐሥር በላይ ሸክላዎችን በበርሊን አስቀረጹ። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ለሙዚቃ ቀረጻ አገልግሎት ላይ አልዋለም ነበር። ዘፋኙ ከአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል መሣሪያ አፍ ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዜማል። የድምፁ ግፊት በቀንዱ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣታል፤ ከእርሷ ጋር የተያያዘችው መርፌም በምትሽከረከር የሰም ገበታ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ትጭራለች። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በብረቱም ሸክላው እየታተመ ይባዛል። ዘፋኙ ቢሳሳት ወይም ቢያስለው የተበላሸውን ብቻ ቆርጦ ማቃናት አይቻልም፤ በአዲስ ሰም ከመጀመሪያው መድገም ግድ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ባለቅኔ ግን ትልቁ ፈተና ጊዜው ነበር። አንዱ የሸክላ ገጽ ይይዝ የነበረው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በአገር ቤት መሰንቆ የያዘ ሰው ግጥሙን የሚደረድረው አድማጩን እያየ፣ ከጨዋታው መካከል የተነሳውን ነገር እያከለ፣ ምሽቱን ሙሉ ነበር። ሰሙ ተሰምቶ ወርቁ እስኪፈታ ፋታ ይሰጣል፤ አድማጭም ግጥም ይቀበላል፣ ይመልሳል። በበርሊኑ ክፍል ውስጥ ግን ቋንቋውን የሚሰማ፣ ቅኔውን ፈትቶ የሚያደንቅ ታዳሚ አልነበረም። የመሰንቆ ድምፅም እንደ ሰው ድምፅ ጎልቶ በቀንዱ የሚገባ አይደለም። በዚህ ሁሉ መካከል ነው የምሽት ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ተጨምቆ በሸክላ ላይ የሰፈረው።

ሸክላ የሚለው ስያሜ ራሱ የዚያን ዘመን ዕቃ ጠባይ ይገልጻል። ዲስኩ ከሙጫ መሰል ነገርና ከድንጋይ ዱቄት የሚሠራ በመሆኑ እንደ ጀበና በወደቀ ጊዜ ይሰበራል፤ መርፌው በተመላለሰበት ቁጥርም መስመሩ ይፋቃል። በዚያ ወቅት ግራሞፎን የነበራቸው በአብዛኛው መኳንንትና ባለጸጎች በመሆናቸው የተሰማ ድምፅ በሸክላ የተደመጠው በጥቂት ቤቶች ነበር ማለት ይቻላል። የእነዚያ ሸክላዎች መሰበር የድምፁ መጥፋት ማለት ነበር።

ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ከአልጋ ወራሹ ዘንድ ቅርበት አግኝተው ለነጋድራስነት ማዕረግ በቁ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የንግድ ቀረጥ ኃላፊ የሚይዘው ከፍተኛ ሹመት ነው። በዚያ ዘመን አዝማሪነት ቢወደድም የማይከበር ሙያ ነበር። መኳንንቱ በአዝማሪ ይዝናናሉ፤ አዝማሪ መባልን ግን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ነጋድራስ ተሰማ ሹመትንና መሰንቆን፣ ማዕረግንና ዜማን በአንድ ሰውነት ይዘው መታየታቸው ለዘመኑ አስተሳሰብ ያልተለመደ ነበር። ቅኔያቸው ለመወደዳቸው ምክንያት እንደነበር ሁሉ፣ ለትችትም ያጋለጣቸው መሆኑ አይቀርም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ለእርሳቸው ቅርብ የነበሩ ሰዎች ዕጣም አብሮ ተለወጠ። ነጋድራስ ተሰማም ከቤተ መንግሥቱ ክበብ ራቁ። እ.ኤ.አ በ1921 ልጃቸው ይድነቃቸው የተወለደው በጅማ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተጫወቱ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠኑ፣ እ.ኤ.አ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ታላቅ ሰው ለመሆን በቅተዋል።

ነጋድራስ ተሰማ ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1957 ዓ.ም አረፉ። በሕይወት ዘመናቸው አምስት የአገሪቱን መሪዎች አይተዋል። የአፍ ቅኔያቸው በየሰው ትዝታ ተበትኖ እንዳይቀር ልጃቸው ይድነቃቸው ግጥሞቻቸውንና የሕይወት ታሪካቸውን አሰባስበው ሰምና ወርቅ በተሰኘ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በስፖርቱ ዓለም አህጉር የመሩት ልጅ የአባታቸውን ቅኔ ለማትረፍ መድከማቸው ለሥራው የሰጡትን ክብር ያመለክታል።

ተሰማ በከፈቱት መንገድ የተጓዘው የሸክላ ሥራ በአገሪቱ በቀላሉ አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ በ1948 ገደማ የሸክላ ኅትመትና ማስመጣት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን ክልከላ የደፈረው በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ በ1969 ዓለማየሁ እሸቴ የዘፈነውን ሸክላ በራሱ ስም አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። አገር ውስጥ ማተሚያ ባለመኖሩ ሸክላው የታተመው በህንድ ነበር። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አውጥቷል። ከስድሳ ዓመት በኋላም የኢትዮጵያ ዜማ ሸክላ የሚሆነው ባሕር ተሻግሮ ነበር ማለት ነው።

የነጋድራስ ተሰማ ድምፅ እ.ኤ.አ በ2011 በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ለአድማጭ ቀርቧል። ስብስቡ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የተቀረጸበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ የተዘጋጀ ነው። በቅጂው ላይ የመርፌው መፋቅ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ግን ድምፁ ይሰማል።

አውቶሞቢል ለመንዳት የተላኩት የምንጃሩ ባለቅኔ የያዙት ሹመት በዘመን ለውጥ ቀርቷል፤ የተማሩባቸው መኪኖችም ዝገዋል። በሦስት ደቂቃ ሰም ላይ የተዉት ዜማ ግን ዛሬም በሕይወት አለ። በየቤቱ ጥግና በየሱቁ መጋዘን አቧራ የለበሱ አሮጌ ሸክላዎች ካሉም፣ ሳይሰበሩ ወደ ቤተ መዛግብት ቢደርሱ ሌላ ዝም ያለ ድምፅ ሊያሰሙ እንደሚችሉ የነጋድራስ ተሰማ ታሪክ ያስገነዝባል።